የአያ ቢሻው ማሳ

በአንድ ወቅት፣ ዝናቡ የፈጣሪ፣ ውሃውን ማሸሹ ግን የገበሬው ፈንታ በሆነበት አንድ ደጋ፣ ይርሳው የሚባል ሰው ነበር። እናንተ መፍረድ የምትወዱ ጆሯችሁን ስጡኝ። መጨረሻ ላይ አንዲት ማሳ አስረክባችኋለሁ፤ ለማን እንደምትገባ የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ። ሳይሰማ የሚፈርድ ካለ ግን ከአሁኑ ይውጣልኝ።

ይርሳው አንድ በሬ ብቻ ነበረው። ጎረቤቱ ጠጋውም እንደዚያው። ሁለቱን በሬ አቀናጅተው አንዱን ቀን የአንዱን፣ በማግስቱ የሌላውን ማሳ ያርሱ ነበር። አገራቸው ከገደል አናት ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከገደሉ ሥር ታችቤት የምትባል መንደር አለች፤ የይርሳው እህት አንጓች የተዳረችው እዚያ ነው።

ክረምት ገብቶ ውሃ ሲበዛ ገበሬው ሰብሉ እንዳይታጠብበት ማሳውን በማረሻ ሰያፍ ቀዶ ውሃውን ያስወጣል። ቦዩ ፈሰስ ይባላል። ታዲያ የእኔ ፈሰስ የሚወርደው የት ነው? አንተ ማሳ ላይ ነዋ! በዚህ የተነሳ ስንቱ ተፈነካከተ፣ ስንቱ ደም ተቃባ። ይርሳው ግን መላ አላጣም። ጠብ በተነሳ ቁጥር ይሄድና «ምን ያጫርሳችኋል? ወደ ገደሉ ልቀቁት። ገደል ከሶ አያውቅም» ይላል። እየሳቁ ታረቁ። አንዱም ሌላውም ፈሰሱን ወደ ገደሉ አፍ አዞረ፣ ጠቡም ቀረ።

ሰላም ያወረደን ሰው ማን ይጠላል? ምርጫ ሲደርስ አገሬው «ይርሳው ይሁንልን» አለና ይርሳው የክልሉ ምክር ቤት አባል ሆኖ ከተማ ገባ። ማሳውን ጠጋው የእኩል ያርስለት ጀመር። እሱም ሱፉን ለመደ፣ ወንበሩን ለመደ፣ አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» ሲሉ እጅ ማውጣቱን ለመደ። እንዳናማው፣ ክፉ ተመራጭ አልነበረም፤ ለአገሩ ጤና ኬላ አስከፍቷል፣ መንገድም አስጠርጓል። ዝም ማለትንም የተማረው ግን እዚያው ነው።

አንድ ክረምት አንጓች ከተማ ድረስ መጣችበት።

«አያ ይርሳው፣ ከገደሉ አፍ ላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። ያ ሁሉ ውሃ እዚያ ይገባል፣ ሲወጣ ግን አላየንም» አለችው።

ይርሳው ክው አለ። ያ ሁሉ ፈሰስ፣ በእሱ ምክር፣ ተራራው ሆድ ውስጥ ገብቶ ተጠራቅሟል። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ገበሬ መሆን ይበቃል።

«ለማንም እንዳትነግሪ። እኔ አየዋለሁ» አላት።

አየው? የት አባቱ! አፉን ዘግቶ ከረመ። በሚቀጥለው ክረምት የታችቤት ምንጭ ደፈረሰ። ምሰሶዎች ዘመሙ፣ ሳንቃዎች አልገጥም አሉ። ገደሉ ላይ የሚኖሩት ዝንጀሮዎች አንድ ጠዋት ልጆቻቸውን አዝለው ሄዱ፣ አልተመለሱም። ሰዎቹ ግን እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ይርሳው፣ ጠጋውና አንጓች፣ ሦስቱ ያደረጉትን ስሙ።

ይርሳው እንቅልፍ አጣ። ምክር ቤቱ ስለ ሌላ ጉዳይ ተሰብስቦ ሳለ ብድግ አለ። አፈ ጉባኤው «ተራዎ አይደለም፣ ይቀመጡ» አሉት። «አልቀመጥም! ከገደል ሥር ሰው ሊያልቅ ነው። ገደሉን ያበላሸሁትም እኔው ነኝ» አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ጉባኤው ተንጫጫ። ክርክሩ በርዶ፣ ለታችቤት ሰዎች ቆላ ላይ መስፈሪያ መሬት ይሰጣቸው፣ ለየአባወራው አንድ አንድ ማሳ ይመደብላቸው ተባለ። ለይርሳው ግን «አገር አጥፍቻለሁ ያለ አገር አይወክልም» የሚል ፍርድ መጣበት። ከወንበሩ ወረደ፤ ደመወዙም ቤቱም ቀሩበት። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ጭራሽ ባይናገርስ ኖሮ የሚሉም አሉ።

መሬቱ ተወሰነ እንጂ ታችቤቶች ንቅንቅ አላሉም። «ርስታችንን ጥለን ለወባ ልንገበር?» አሉ። ዝናቡ ደግሞ አላባራም። ጠጋው ስብሰባ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ለሰላምታ እንኳ ቃል ይሳሳል። በሬዎቹን ጠምዶ ወጣና ወደ ገደሉ የሚወርደውን ዋናውን ፈሰስ ደፍኖ ውሃውን በገዛ ማሳው ላይ ለቀቀው። ማሳው አልችል ሲል የይርሳውም ማሳ ላይ ጨመረበት። ሚስቱ «ኧረ አንተ ሰው፣ አበድክ ወይ? ልጆችህ አፈር ሊበሉ ነው?» ብላ ራሷን ይዛ ጮኸች። «ገብስ ከሰው ነፍስ አይበልጥም» አላት፤ በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣው ይኸው ነው። አፈሩም አልቀረላቸውም። ጎርፉ የሁለቱንም ማሳ ጠርጎ ጭንጫ አደረገው። ገደሉም ሳይወድቅ ቆየ። በጠጋው ሥራ ይሁን ወይም ቀኑ ስላልደረሰ፣ እሱን አንድዬ ይወቀው። የይርሳውን ማሳ ሲያጠፋ ግን አላስፈቀደም።

አንጓች አንድ ማለዳ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ስትጠርግ መሬቱ ከእግሯ ሥር ሲያጉረመርም ተሰማት። «ውጡ! ገደሉ መጣ!» አለች። ማን ይስማት? ወንድሟ በአደባባይ ከተናገረ ወዲህ በየቀኑ የምትለው ነው። «ደግሞ ጀመራት» አሉ። ምክር ያላወጣውን ሰው ምን ያወጣዋል? በረት በረቱን ከፍታ የመንደሩን ከብት በሙሉ እየነዳች ከመንደሩ ታች ወዳለው ወንዝ ወረደች። ያኔ ወጣ! «ከብቱን ነዳችው፣ ያዟት!» እያለ ሽማግሌው ምርኩዙን፣ እናት ልጇን ይዛ፣ አንድም ሳይቀር ተከተላት። ወንዙን ተሻግረው ዱላ እንዳነሱባት ገደሉ ወረደ። ጭቃው ሲረጋ ታችቤት የምትባል መንደር አልነበረችም።

አንድም ሳይቀር አልኩ እንዴ? አንድ ሰው ቀርቷል። የአንጓች ባል አባት አያ ቢሻው፣ ሽባ ሆነው መደብ ላይ የሚውሉት፣ እዚያው ናቸው። «እሳቸውን ብሸከም ከብቱን ማን ይነዳልኛል? ‹ሂጂ ልጄ› ብለውኛል» አለች። ሲሉ የሰማ የለም። ባሏ ገረመው «አባቴን ጥላ ላም የነዳች ሴት ቤቴ አትገባም» ብሎ ፈታት። አንተስ ላሚቱን ስትከተል አባትህን ለማን ትተሃቸው ነበር ብዬ ብጠይቀው ይቀየመኛል፤ እናንተ ጠይቁት።

ቆላ ወርደው ሁሉም የየራሱን ማሳ ተረከበ። ገረመውም የራሱን ወሰደ፤ ለአንድ አባወራ ሁለት አይፈቀድም። ለአያ ቢሻው የተመደበችው ግን ባለቤት አጣች። ብትከፈል ማንንም አታበላም። ሦስቱም መሬት የለሽ ሆነው ሽማግሎች ፊት ቀረቡ።

«የቆማችሁበትን መሬት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወንበሬን ሰጥቼበታለሁ። የቀረችኝንም ማሳ ወዳጄ ጭንጫ አደረገብኝ» አለ ይርሳው።

«እኔ አፈሬን ሰጥቻለሁ። ልጆቼ ግን አልሰጡም፤ እነሱን አብሉልኝ» አለ ጠጋው።

«ዛሬ ለመፍረድ የተቀመጣችሁት ያኔ ስላሳደዳችሁኝ ነው። ልትደበድቡኝ ባትወጡ ኖሮ ፈራጅም አይኖርም ነበር» አለች አንጓች።

ገረመው ከጥግ ሆኖ «ማሳዋ ለሷ ከተሰጠች የአባቴን ደም ከፈላችኋት ማለት ነው። ከኔ ጋር እንገናኛለን» አለ። ጠብመንጃውንም ከትከሻው አወረደ።

በአንድ ቀንበር ያደጉት ይርሳውና ጠጋው ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አይባባሉም። አንጓችም በወንድሟ በኩል አታልፍም፤ «ለማንም እንዳትነግሪ» ያላትን አልረሳችም። ሽማግሎቹ ይኸው ቀጠሮ ያራዝማሉ። ደመናው ወርዷል፣ የዘር ጊዜ እያለፈ ነው፣ ያልተዘራች ማሳ ደግሞ ዘንድሮ ለማንም አትሆንም። የጠጋው ትንሿ ልጅ ከረሃብ የተነሳ ማልቀስ ትታለች ይላሉ።

እስቲ በሽማግሎቹ ቦታ ተቀመጡ። ገረመው ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፊት ፊታችሁን ያያል። ሦስቱም ከማሳዋ ጫፍ ላይ ቆመዋል፤ አንደኛው ብቻ ይገባል፣ ሁለቱ ይመለሳሉ፤ የሚመለሱበት ግን የላቸውም። በሉ ንገሩኝ፦ ያቺ ማሳ የማን ትሁን? ዘግይቶም ቢሆን የተናገረው፣ የራሱንም የሰውንም አፈር የሰጠው፣ ወይስ ሁሉን አውጥታ አንዱን ያስቀረችው?