የንብ አርቢው የታሰሩ እጆች

አንድ ንብ አርቢ ሰው ነበረ። ቆይ ስንዱ፣ አትቸኩዪ፤ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «አባባ፣ ልጄ ገበታ በቀረበ ቁጥር መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ይጮኻል፣ ከጣፋጭ በቀር ምንም አይቀምስም፤ ምን ባደርገው ይሻለኛል? ወይስ እናትነት ለእኔ አልሆነልኝም?» ነው ያልሽኝ። ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝና ነገሩ እኔንም ይመለከተኛል። አሁን እሱ ተኝቷል፤ አንቺም እግርሽን ዘርጋ አድርገሽ ስሚኝ።

ይህ ሰው ማሩ በገበያ የታወቀ ነበር። ሴቶች ልጆቹን አሳድጎ፣ ሚስቱም «ከእንግዲህስ በቃኝ» ካለች በኋላ፣ በስለት አንድ ወንድ ልጅ አገኘ። ደስታው መጠን አልነበረውም። ከእነሱ ጋር የምትኖር አንዲት አክስት ነበረች፤ እሷ ታዲያ «የስለት ልጅ ዕንባው መሬት ከነካ ስለት ሰሚው ይቀየማል» የሚል ሕግ አወጣች። ከየት እንዳመጣችው እንጃላት፤ እኔ ይህን ያህል ዘመን ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ ሰምቼው አላውቅም። ነገር ግን ቤተሰቡ አመነ። ስለዚህ ልጁ አፉን ለለቅሶ በከፈተ ቁጥር አባቱ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያልሰዋል። ሲወድቅ ማር፣ እንቅልፉ ሲመጣ ማር፣ ዝንብ ብታርፍበት ማር።

ልጅ ሞኝ አይደለም። ማሰሮው የሚከፈተው በለቅሶ መሆኑን ሲረዳ፣ ማልቀስን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ወዲያው ደግሞ ከማርና ማር ከተቀባ ዳቦ በቀር ሌላውን ሁሉ መትፋት ጀመረ።

እናትየው ይህን ስታይ በበኩሏ ሌላ ዘዴ አመጣች። ጭኗ ላይ ታንጋልለውና እጇን አጎድጉዳ አፉ ላይ ደግና አጥሚት ትግተዋለች። አክስት እግሩን ትይዛለች፣ ትልቋ እህት እጆቹን ትይዛለች። ለአንድ ስኒ አጥሚት ያን ያህል ሠራዊት ይሰለፋል! ልጁም አፉን ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሁሉም «ዋጠ፣ ዋጠ!» እስኪሉ ጠብቆ ፉፍ ያደርገዋል። ያ ሁሉ አጥሚት በመጨረሻ የሚገኘው አክስትየው ነጠላ ላይ ነው።

አትሳቂ፣ ቀጥሎ ያለው አያስቅም። የቤቱ ገበታ ፈረሰ። እናት ቆማ ትቀምሳለች፣ አባት ብቻውን ይበላል፣ እህቶቹም «ለእሱ ማር፣ ለእኛ ምስር?» እያሉ አኩርፈው ይነሣሉ። ጎመን በጤና ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ጎመኑ ድስት ውስጥ እየቀረ ጤናው እየሄደ ነበር። የልጁ እግሮች ቀጠኑ፣ የፊት ጥርሶቹ ጠቆሩ። እኩዮቹ ዶሮ ሲያባርሩ እሱ ደክሞት የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይቀመጣል። ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ነርሷ መዘነችውና «ክብደቱ እየወረደ ነው። እህሉንም፣ ቅጠሉንም፣ እንቁላሉንም ካልበላ ይህ ልጅ አይበረታም» አለቻቸው። ባልና ሚስት ልናጣው ነው ብለው ፈሩ። ሲፈሩ ደግሞ ያንኑ የለመዱትን አበዙት፤ እሱ ማሩን፣ እሷ መጋቱን።

ሐምሌ ላይ ማሩ አለቀ። መቼም የሐምሌን ነገር ታውቂያለሽ፤ ያን ጊዜ ቀፎ ውስጥ የቀረው ማር የንቦቹ የክረምት ስንቅ ነው፣ አይነካም። ቀፎ የሚቆረጠው አበባው አልፎ ማሩ ሲደርስ፣ ያውም ወደ ማታ ላይ፣ በደንብ ታጥኖ ነው። ይህን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ በአገሩ አልነበረም፤ ስንቱን ጎረምሳ ያስተማረ ሰው ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግን ልጁ «ማር! ማር!» እያለ ሲንፈራፈር ጊዜ አባት እውቀቱ ሁሉ ጠፋው። ሚስቱ «ኧረ አንተ ሰው፣ በሐምሌ ቀፎ ይቆረጣል እንዴ?» ብትለው አልሰማትም። እንጨቱ እርጥብ ነውና ጢሱ አልነሣ አለው። ልቡ ቸኩሎ ስለነበር እንዲያው ያለ ጢስ እጁን ሰደደ።

ንቦቹም ያደረጉትን አደረጉ። ሰውዬው ማር ሳይዝ፣ ሁለት እጆቹ እንደ ቡኮ ተነፍተው፣ እየሮጠ ተመለሰ። ሚስቱ የንቦቹን መንደፊያ አንድ በአንድ ነቀለችለት፤ ከዚያም ሁለቱንም እጆቹን በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እስከ አንጓው ጠቀለለችለት። እየጠቀለለችም «ነግሬህ ነበር» አላለችም። ጨዋ ሴት ናት።

ምሳ ቀረበ። ጎመን በድንች፣ ምስር ወጥ፣ ትንሽ አይብ ነበረ። ልጁ የአባቱን እጆች አየ፤ ማር የለም። ወደቀ። ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፦ ጀርባ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ተረከዝ መሬት ይደበድባል፣ ትንፋሽ ጥፍት ይላል፣ የእናት ልብም አብሮ ይቆማል፤ ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል። አክስት «ስኳር፣ ስኳር ላምጣ!» ብላ ተነሣች። እናት የአጥሚቱን ስኒ አነሣች።

«ተቀመጡ» አለ አባት። «ማንም አይነሣ።»

ይህን ያለው በጥበብ እንዳይመስልሽ፤ ድካም ነው ያስባለው። ልጁን እንዳያነሣው እጅ የለውም፣ ዝም እንዳያሰኘው ማር የለውም። ስለዚህ የቀረውን ብቻ አደረገ። በርጩማው የልጁን ጭንቅላት እንዳይመታው በእግሩ ገፋ አደረገውና እሱም ከልጁ ጎን ምንጣፉ ላይ ጋደም አለ። «አለሁ ልጄ» አለው። «ማር የለም። እኔ ግን አለሁ።»  ልጁ ጉልበቱን ሲረግጠው «ውይ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። አልተቆጣም፣ አላባበለም፣ አልሸሸም።

ለቅሶው ከበደ፣ እንደገና ከበደ። አክስትየው ሰማይ የሚወድቅ መስሏት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። የስለቱ ልጅ ዕንባ ምንጣፉን አልፎ መሬቱን አራሰው። ቤቱ አልፈረሰም፤ ስለት ሰሚውም የተቀየመ አልመሰለም። ቀስ በቀስ ጩኸቱ ወደ ማልቀስ፣ ማልቀሱ ወደ ሳግ ወረደ። ያን ጊዜ ልጁ ፊቱን ዞር ሲያደርግ የአባቱን ፊት አጠገቡ አገኘው። ከዚያ ጨርቁን ነካ ነካ አደረገ።

«አባዬ፣ አሞሃል?»

«አዎ፣ አሞኛል። ርቦኛልም። እጅ ግን የለኝም፤ ማን ያጉርሰኝ?»

እናትየው ጠቅልላ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ባሏ በዓይኑ ጠቀሳት፣ ገባትና መለሰችው። ልጁ ገበታውን አየ፣ አባቱን አየ። ተነሣና በሙሉ ጭብጡ ጎመኑን ከነእንጀራው አፈሰ። ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ጢም ላይ ተንጠለጠለ፤ አፍ የደረሰውን ጥቂት አባት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሠርግ ቤት እንደተጠራ ሰው አጣጥሞ በላው።

«አንድማ ያጣላል!» አለች እናት። «ድገመው እንጂ፣ ከአባትህ ልትጣላ ነው?»

ልጁ ደገመ። ሁለተኛው አፍንጫ ላይ አረፈ። ትንሿ እህት ሳቋ አፈናት፤ ሁሉም ተከትለዋት ሳቁ፤ ልጁም ሳቀ። በዚያ ገበታ ዙሪያ ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው! ሦስተኛው ምስር ነበር። ካጎረሰ በኋላ ልጁ ጣቶቹን አየና ላሳቸው።

 መካከለኛዋ ልጅ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እናቷ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ይቺ ሴት ጨዋ ብቻ ሳትሆን ብልህም ናት። እልልታ ቢሰማ ልጁ ትልቅ ነገር እንዳደረገ ያውቅና በማግሥቱ ዋጋውን ያስከፍላቸው ነበር። ልጁ ቅንጣት ጎመን አነሣና አፉ አስገባ። ፊቱን አኮማተረ፣ ተፋው። ሁሉም እንዳላየ የየራሱን ይበላል። ቀጥሎ ድንች አነሣ። አላመጠ። ዋጠ። አባትየው ዕንባው ዱብ ዱብ አለና «እጄን ነው፣ እጄን ነው» ብሎ ዋሸ።

በማግሥቱ ልጁ ጤነኛ ሆኖ ተነሣ ብዬ እንዳልዋሽሽ። በማግሥቱም ወደቀ፣ ጮኸም። አባቱም እንደ ትናንቱ አጠገቡ ጋደም አለ። ማር እንዲያ ለለቅሶ መሰጠቱ ቀረ፤ የበዓል ሆነ። መጋቱም ቀረ። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ አንዳንድ ቀንም እንቁላሉ በየዕለቱ ይቀርባል፤ ልጁ አንድ ቀን ይበላል፣ አንድ ቀን ያኮርፋል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ብቻውን የሚበላ ሰው ጠፋ። አባትየው በልጁ እጅ ሲጎርስ ማን ይቅርብኝ ይላል? እህቶቹ የት እንደሚያርፍ የማይታወቀውን ጉርሻ እየቆጠሩ ይስቃሉ፣ አክስትየው እንኳ አንድ ቀን «ለእኔስ?» ብላ አፏን ከፈተች፤ ጆሮዋ ላይ ምስር አገኘች።

እብጠቱ ጎደለ፣ እጆቹ ዳኑ። ሰውዬው ግን ጨርቁን አልፈታም። «አሁንም ይጠዘጥዘኛል» ይላል። ትልቋ ልጁ ጓሮ ቀፎ ሲጠግን በባዶ እጁ አይታዋለች፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ከዛፉ ኋላ ሆኖ በጥርሱ እየሳበ ይጠቀልለዋል። ሚስቱም ታውቃለች፤ ጨርቁን በየጊዜው የምታጥበው እሷ አይደለችም እንዴ? ማንም ማንንም አላጋለጠም። ክረምቱ ሲወጣ የልጁ እግር ሞልቶ ነበር። የጎረቤት ዶሮዎችም መከራቸውን ማየት ጀመሩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አባት እንደ ልማዱ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ልጁ የጨርቁን ጫፍ ያዘ። ሳበው፣ ፈታው፣ ፈታው። እጁን አገላብጦ አየ፣ ሳመውም።

«ድኗል አባዬ። በራስህ ብላ።»

ከዚያ ወደ ገበታው ቀረብ ብሎ እጅጌውን ሰብሰብ አደረገ። «እኔም በራሴ» አለና ከጎመኑ ጀመረ። አባትየው ባዶ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ደስ አለው፣ ትንሽም ከፋው፤ ሚስቱ ይህን አይታ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው።

እንግዲህ ስንዱ ልጄ፣ ያ ባልም ያቺ ሚስትም አንቺ ነሽ። ሁለት እጅ አለሽ፤ አንዱ ብስኩት ያቀብላል፣ አንዱ በግድ ይግታል። ሁለቱንም እሰሪያቸው። መልካሙን ምግብ አብስሎ ማቅረብ የአንቺ ነው፤ አፍ መክፈት የልጁ ነው። አንቺ የእሱን ሥራ ልትሠሪለት ስለፈለግሽ ነው በየዕለቱ የምትጣሉት። ሲወድቅም ራሱን እንዳይጎዳ ዕቃውን ከአጠገቡ አንሺለት፣ «የለም» ያልሽው ነገር «የለም» እንደሆነ ይቅር፣ አንቺ ግን አትሂጂበት። ለቅሶ ያልቃል። አልቆ ዞር ሲል የማን ፊት እንደሚያገኝ ነው ቁም ነገሩ።

«እናትነት አልሆነልኝም» ስላልሽው ደግሞ፣ ይህን ዳግመኛ በፊቴ እንዳትዪው፤ እቆጣለሁ። ልጅሽ በጎረቤት ቤት ጨዋ ነው፤ በእኔ ፊት የሰጡትን ሁሉ አመስግኖ ይቀበላል። ጩኸቱን ሁሉ ሰብስቦ ለአንቺ ብቻ የሚያመጣው ለምን ይመስልሻል? ይህች ሴት ምንም ብሆን አትጥለኝም ብሎ ስላመነ ነው። ሌላው ሰው ያላገኘውን እምነት አንቺ አግኝተሽዋል፤ እሱን ይዘሽ ነው የምታለቅሽው?

ዕንባሽን ጥረጊና ተነሺ በይ፣ ምሳ አቅርቢ። ሲነቃ ከእኔ አጠገብ ይቀመጥ። ከበላ አብረን እንበላለን፤ ከወደቀም እኔ ሽማግሌው አጠገቡ እጋደማለሁ፤ አንቺ መልሰሽ ታነሺኛለሽ።