የምትታለበዋ ፍየል

አንድ ሞላልኝ የሚባል ገበሬ ነበር። ከብት በማወቅ በአካባቢው የሚስተካከለው አልነበረም። በሬ የሚገዛ ሰው እሱን ሳያማክር ገበያ አይወጣም። የላሞቹ እበት እንኳ በከንቱ አይቀርም፤ ለኩበትና ለምርጊት ይውላል። ከበጎቹ ጠጉር ባና ያሠራል፤ የፍየሎቹን ቆዳ አልፍቶ አቁማዳ ያደርገዋል። «ጥቅም የሌለው እንስሳ የለም፤ ጥቅሙን የማያውቅ ባለቤት ነው ያለው» ይል ነበር። ከቁም ነገር የማይቆጥረው የፍየል ወተት ብቻ ነው። እሱም ሆነ ልጆቹ አይጠጡትም።

በአንድ ክፉ ዓመት ዝናቡ ዘገየና የመንደሩ ላሞች ሁሉ ነጠፉ። በዚያው ሰሞን የጎረቤቱ የስማቸው ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳ በአራስነቷ ሞተች። መንደሩ ውስጥ የምታጠባ ሴት አልነበረችም። የሞላልኝ ሚስት ጥሩዬ ይህን አይታ ከፍየሎቻቸው መካከል ወተት ያላትን ብቸኛ ፍየል፣ ዳልቻዋን፣ ለሕፃኑ ለየችለት። ወተቷ እንዳይቋረጥ አተላና የባቄላ ገለባ ትሰጣታለች። ስማቸውም ጠዋትና ማታ ቅሉን ይዞ እየመጣ አልቦ ይሄዳል። ሞላልኝ ይህን ያውቃል። አልከለከለም፤ ከእሱ የሚቀንስበት ነገር ስላልነበረ ነው።

አንድ ቀን ትልቋ ልጁ የተዳረችበት ቤት አባት አያ ንጋቱ ድንገት በእንግድነት መጡ። ሞላልኝ ካስቀመጣቸው በኋላ ወደ ጓዳ ገብቶ ቢላውን አነሳ።

«ዳልቻዋን ልረድ ነው» አላት ሚስቱን። «ከሁሉም የሰባችው እሷ ናት።»

«ተው፣ የስማቸው ልጅ ነፍሱ ያለችው በእሷ ነው። ወጠጤውን እረድላቸው።»

«ወጠጤው አጥንቱ የገጠጠ ነው። ልጄን የዳርኩበት ቤት ሰው መጥቶ አጥንት ላቀርብለት? ነገ አገሩ ምን ይለኛል?»

«ሕፃኑስ ነገ ምን ይጠጣል?»

«ሕፃኑ አባት አለው። ፍየሏ ደግሞ የእኔ ናት።»

ሞላልኝ ቢላውን ይዞ ወጣ። ፍየሏንም አረዳት። ቆዳዋን ሲገፍ ከጡቷ ወተት ፈስሶ ከደሙ ጋር ተቀላቀለ። ሞላልኝ በእግሩ አፈር መለሰበት።

ማዕድ ቀርቦ ሊበላ ሲል ስማቸው እንደ ልማዱ ቅሉን ይዞ መጣ። ከደጅ እንደቆመ ግድግዳው ላይ የተወጠረውን ዳልቻ ቆዳ አየ። «እንደምን ዋላችሁ» አለና ቅሉን ከጋቢው ሥር ሸጉጦ ተመለሰ።

«ሰውየው ምን ፈልጎ ነበር?» አሉ አያ ንጋቱ።

ሞላልኝ አቀረቀረ። ጥሩዬ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው አንስታ ነገረቻቸው። ሽማግሌው የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ መሶቡ መለሱ።

«ለእኔ ክብር ብለህ ነው ያረድካት?»

«አዎ፣ አያ።»

«ንፍሮ ብታቀርብልኝ በልቼ፣ መርቄህ እሄድ ነበር። ይህን ሥጋ ግን ከማን አፍ ነጥቄ እንደምበላው አወቅሁ። አይወርድልኝም።»

ከዚያ መሶብ ማንም አልበላም። በማግስቱ ሞላልኝ ያለውን አንድ አህያ እየነዳ ወደ ቆላ ወረደ። ብዙ ደጅ ዞረ። የምትታለብ ፍየል በዚያ ወር የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ ቆለኛ አግኝቶ የአህያውን ገመድ ሲያስጨብጠው ሰውየው ግራ ተጋባ።

«አህያ በፍየል? ምን ነክቶህ ነው?»

«የምትታለብ ፍየል ምን ማለት እንደሆነች የገባኝ ትናንት ነው» አለው ሞላልኝ።

ፍየሏ ዳገቱን አልወጣ ብትለው ተሸከማት።

ጥሩዬ በስማቸው ቤት ሕፃኑን ቀጭን የገብስ አጥሚት ልታቀምሰው ስትሞክር ነው የዋለችው። አልረጋለትም፤ ለቅሶውም እየሳሳ ሄዶ ጠፍቶ ነበር። ስማቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሞላልኝ ፍየሏን ተሸክሞ ሲደርስ አልተነሣለትም።

«ስማቸው፣ ና እለባት» አለው ሞላልኝ። ይቅርታ ሊል አስቦ ነበር፤ ቃሉ አልወጣለትም። ተንበርክኮ ፍየሏን ያዘለት፤ ስማቸውም መጥቶ አለባት። ጥሩዬ ጥጥ በወተቱ እየነከረች ከሕፃኑ ከንፈር ላይ ጨመቀች። የመጀመሪያው በአፉ ጥግ ፈሰሰ። ቀጥሎ ያለውም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አዩ።

ልጁ ተረፈ። ስማቸው ግን ቅሉን ይዞ ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልመጣም። ልጁ እህል እስኪቀምስ ድረስ ወተቱን ጠዋትና ማታ የሚያደርስለት ሞላልኝ ራሱ ሆነ። በዚያ ዓመት እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት የወሰደው በጀርባው ነው። የሳቁበት ነበሩ፤ እሱ ግን መንገዱን ቀጠለ።

ወዳጆቼ፣ ሞላልኝ የእንስሳትን ጥቅም ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የሚያውቀው ግን ለራሱ ቤት የሚሰጡትን ብቻ ነው። ለእኛ ከቁም ነገር የማይገባው ነገር ለጎረቤታችን የዕለት እስትንፋስ ሊሆን ይችላል። የእኛ መሆኑ ብቻውን ቢላ ለማንሣት አይበቃም። «የእኔ ነው፣ ምን አገባችሁ» ብለን ያጠፋነው ነገር፣ ማን ይኖርበት እንደነበር ስንቶቻችን ጠይቀናል?