ሦስቱ ሹካዎችና የቆቅ እንቁላሎች

«እማዬ፣ ብስክሌቴ ድንጋዩን ሁሉ ለእጄ የምትነግረው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች ማስተዋል፣ መዳፏን እያሻሸች። «አርጅታለች መሰለኝ። ሌላ ይገዛልኝ።»

እናቷ እታፈራሁ ብስክሌቷን አየቻት። የፊት ጎማውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ባለሞላ ሹካ በጭቃ ተለስኗል። አማተበችና ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ተረት ጀመረችላት።

እንግዲህ ስሚኝ። ድሮ፣ አውሬ ከብረት ጋር በሚጫወትበት ዘመን፣ አንዲት ቆቅ ወንዝ ዳር እንቁላሎች ጥላ ነበር። ክረምቱ ከበደ፤ ወንዙም ወደ ጎጆዋ ይጠጋ ጀመር። እንቁላሎቹን ተራራው ላይ ካላወጣች ውሃ ሊወስድባት ነው። መንገዱ ደግሞ ድንጋይ ብቻ። በዚያ አገር ብስክሌት ያለው ዝንጀሮ ነው፤ የሱም ሹካው ተሰብሯል።

«አያ ዝንጀሮ፣ በፈጠረህ ልጆቼን አውጣልኝ» አለችው።

«አወጣልሻለሁ እመት ቆቅ፤ ብቻ ሹካ እንፈልግ።»

ዋርካ ሥር ሦስት ሹካዎች ተደግፈው ቆመዋል። የመጀመሪያው ሞላ የሌለው ድፍን ብረት ነው።

«እኔን ውሰዱኝ! እኔ ለማንም አላጎነብስም!» አለ።

ቆቅ ግን አስተዋይ ናት። እንቁላል ከመጫኗ በፊት አንድ ቅል ሙሉ ውሃ አስጫነች። ዝንጀሮ ጋለበ። ሹካው ለድንጋዩ አላጎነብስም እንዳለ ውሃው ተፈናጥሮ አለቀ። ዝንጀሮም አፉን ከፍቶ «እመት ቆቅ፣ እስቲ እይልኝ፣ ጥርሶቼ ሁሉም አሉ?» አለ።

ሁለተኛው ረጅምና ልፍስፍስ ሞላ ያለው ነው። «እኔን ውሰዱኝ! እኔ ለሁሉም አጎነብሳለሁ!» አለ። ዝንጀሮ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ ሹካው እስከ መጨረሻው ተደፋ፤ ውሃውም በዝንጀሮ ራስ ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ ጠበል አልጠየቅሁም!» አለ ዝንጀሮ።

ሦስተኛው፣ በሞላ ፈንታ አየር የሚሞላው፣ ዝም ብሏል።

«አንተስ አትናገርም?» አለችው ቆቅ።

«መጀመሪያ ልጠይቅ ብዬ ነው። የሚጋልበው ማን ነው? ክብደቱስ? መንገዱስ ምን ይመስላል?»

ነገሩት። «እንግዲያው በዝንጀሮ ክብደት ልክ አየር ሙሉልኝ። በተመለሳችሁ ቁጥር ደግሞ እግሮቼን ጥረጉልኝ» አላቸው። አየሩን ሞሉ፤ ዝንጀሮ ጋለበ፤ ከቅሉ ጠብ ያለ ውሃ የለም።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች በደህና ወጡ። ሲመለሱ ሹካው «እግሮቼን» አለ።

«ወንዙ እየመጣ ምን እግር አለ!» አለ ዝንጀሮ። ቆቅም ቸኩላ ነበርና እንቁላሎቹን ጫነች።

በሁለተኛው ጉዞ ሹካው አቃሰተ፤ አሸዋ ገብቶበታል። ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ እንቁላል ተሰነጠቀ። ቆቅ አየችው።

በሦስተኛው ሊነሱ ሲሉ ሹካው ጨርሶ አልታጠፍ አለ። ድፍኑ ብረት ከዋርካው ሥር ሳቀ። «ወንድሜ፣ እንግዲህ ከእኔ በምን ተሻልክ?»

«እመት ቆቅ፣ እንዲሁ እንሂድ፤ ውሃው ደረሰ» አለ ዝንጀሮ።

«አንሄድም» አለች።

ከደረቷ ለስላሳ ላባ ነቀለች። የሹካውን እግሮች ከላይ እስከ ታች ጠረገች። እግሮቹ በሚገቡበት ላስቲክ ጥግ የተሰገሰገውን አሸዋ ለቅማ አወጣች። ውሃው እግሯን አራሰው፤ ቀና አላለችም። ከዚያ ዝንጀሮ መሪውን ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አደረገው።

«እፎይ!» አለ ሹካው፤ ወረደ፣ ወጣ፤ ወረደ፣ ወጣ።

ወንዙ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ጎጆ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ጥሩውን መምረጥ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ የመረጡትን መንከባከብ ግን የየቀኑ ነው። ተረቴን መልሺ፣ ሹካሽን በጨርቅ አብሺ!

«የተሰነጠቀውስ እንቁላል?» አለች ማስተዋል።

«እሱማ ተሰነጠቀ» አለች እናቷ።

በማግስቱ ጠዋት እታፈራሁ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ከአሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቀደደች። ብስክሌቷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የሹካውን ቀኝ እግር እስኪያበራ ጠረገችው። ግራውን ከነጭቃው ተወችው። ጨርቁን መሪው ላይ አንጠልጥላ ልጇን ልትቀሰቅስ ገባች።