ጅቦ የሚያነክሰው በየትኛው እግሩ ነው?

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው እንስሳት ተሰባስበው የሩጫ ማኅበር አቋቋሙ። እንዴት ያለ ማኅበር መሰላችሁ! ገደል ገብታ አንድ የኋላ እግሯን ያጣችው አህያ በሦስት እግሯ ስትጋልብ ሜዳው በአቧራ ይሸፈናል። ዐይነ ስውሩ በግ ከመሪው ከፍየል ጋር በአጭር ገመድ ተያይዞ ጎን ለጎን ይከንፋል። ጆሮዋ የማይሰማ ጅግራ ደግሞ የማስጀመሪያው ቅጠል ሲውለበለብ ታይና ትፈተለካለች።

አንበሳ ይህን አይቶ በጣም ተደሰተ። «ክረምቱ ሲወጣ ታላቅ ውድድር ይደረግ!» ብሎ አዘዘ። ሽልማቱም የሚያስጎመጅ ነበር። አሸናፊው ሣር በል ከሆነ የወንዙ ዳር ለምለም መስክ ይሰጠዋል፤ ሥጋ በል ከሆነ ደግሞ ከአንበሳ አደን አንድ ሙሉ ወርች ያገኛል።

ማኅበሩ ሁሉ ነገር ነበረው፤ ደንብ ብቻ አልነበረውም። እንስሳቱ ሩጫውን ሲወዱት ስብሰባውን ጠሉት። «እመት ቀበሮ፣ አንቺ ምላስ አለሽ፣ አንቺው ያዥልን» ብለው ሊቀመንበር አደረጓትና ወደ ልምምዳቸው ሮጡ። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚሮጥና ማን እንደሚቀር የምትወስነው ቀበሮ ብቻዋን ሆነች። ቀበሮ ደግሞ እንኳን ሰጥተዋት ሳይሰጧትም ትወስዳለች!

ውድድሩ ሲቃረብ ወደ ጅቦ ጉድጓድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ወርች ትወዳለህ?»

«ኧረ ስሙን አትጥሪብኝ፣ ምራቄ መጣ!»

«እንግዲያው ውድድሩ ውስጥ ግባ።»

«እኔ እኮ ደህና ነኝ። ምን ጉዳት አለብኝና ነው የምገባው?»

«አረማመድህን አይተኸው ታውቃለህ? ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ነህ። ያየህ ሁሉ የምታነክስ ነው የሚመስለው። ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ፤ እኔ ያነክሳል ካልኩ ታነክሳለህ። ወርቹን እኩል እንካፈላለን።»

ጅቦ በደስታ ዘለለ፤ ከዚያ ደግሞ ሐሳብ ገባው። «አህያዋስ? በሦስት እግሯም ትቀድመኛለች እኮ። ወይስ መንገድ ላይ ልብላት?»

«አንተ ሆዳም! እሷን ለእኔ ተዋት» አለች ቀበሮ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ፤ ዝንጀሮዎች ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ያፏጫሉ፣ አንበሳ ከፊት ተቀምጧል። ቀበሮ ጉብታ ላይ ወጥታ ተወዳዳሪዎቹን መጥራት ጀመረች። በግ ከመሪው ጋር ተጠራ። ጅግራ ተጠራች። «አያ ጅቦ!» ሲባል ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። አህያ ግን ሳትጠራ ቀረች።

አህያ ክው አለች። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ ስትወድቅና ስትነሳ የከረመችው ለዚህች ቀን ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ እኔስ?»

«አይ እህቴ፣ ያንቺ ጉዳት በዛ። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? አዝኜልሽ ነው።»

«ክረምቱን ሙሉ ስወድቅ የተነሳሁት ራሴ ነኝ! እዘኑልኝ መቼ አልኩ? ልሩጥ ነው ያልኩት!»

በዚህ ጊዜ ዐይነ ስውሩ በግ ከመስመሩ ወጣ። «አህያ ካልሮጠች እኔም አልሮጥም» አለ። ቀጥሎም በትሕትና ጠየቀ፦ «ለመሆኑ አያ ጅቦ፣ እርስዎ የሚያነክሱት በየትኛው እግርዎ ነው?»

ጅቦ ግራ ገባው። አራቱንም እግሮቹን እያገላበጠ አየ። ከዚያ ወደ ጉብታው ቀና ብሎ፣ «እመት ቀበሮ፣ የትኛው ነበር የተባባልነው?» ሲል ጮኸ።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ! አንድ ዝንጀሮ ሲስቅ ከዛፍ ወደቀ።

ቀበሮ ግን የምትበገር አልነበረችም። «ምን ያስቃችኋል? እንዳሻኝ እንዳልወስን የሚከለክለኝ ደንብ የታለ? አሳዩኛ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። እውነቷን ነዋ! ደንብ አልነበረም።

አንበሳ ተቆጥቶ አገሳ። «ደንቡ እኔ ነኝ! ቀበሮ ትውረድ! ከዛሬ ጀምሮ ሊቀመንበሯ አህያ ናት!»

እልልታው ቀለጠ። አህያ ግን ወደ አንበሳ ቀረብ ብላ እንዲህ አለች፦ «ጌታዬ፣ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ግን እኔ ሯጭ ነኝ። ማን እንደሚሮጥ እየወሰንኩ ራሴ ከሮጥኩ ከቀበሮ በምን እሻላለሁ? ዛሬስ እርስዎ አገሱልን፤ ነገ አደን ሲወጡ ማን ያገሳልናል? ደንቡን እናውጣ።»

«አሁን? ሩጫው ሊጀመር ሲል?» አለ አንበሳ።

«አሁን!» አለች ፍየል። «ሩጫው ይጠብቃል!»

እዚያው ሜዳው ላይ ተቀመጡ። የሚወስን እንዳይሮጥ፣ ከሽልማቱም እንዳይቀምስ ተስማሙ። ማንም ብቻውን እንዳይወስን፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በሁሉም ፊት እንዲነገር አሉ። አትሮጥም የተባለም ሳይደመጥ እንዳይቀር ጨመሩበት። ፍየል ሁሉንም ለጅግራ በምልክት ስታስረዳት፣ ጅግራ ክንፏን እያራገበች «ይሁን!» አለች። ወሳኝ ሆነው የተመረጡት የማይሮጡት ኤሊ፣ ጉሬዛና ዝንጀሮ ነበሩ። እነሱም ጅቦን ወርቹን አሳይተው ጠሩት። ጅቦ እንደ ቀስት ተስፈነጠረ። «አንተማ ደህና ነህ!» ብለው አሰናበቱት። አህያን ሰሟት፣ ስትሮጥ አዩዋት፣ አስገቧት።

ቅጠሉ ተውለበለበ! ጅግራ ተፈተለከች፣ በግና ፍየል ተከተሉ፣ አህያም አቧራውን እያስነሳች ደረሰችባቸው። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። አንበሳ እንኳ ክብሩን ረስቶ ቆሞ «በርቺ! በርታ!» ይላል። መጨረሻው ላይ በግና አህያ አንገት ለአንገት ተያያዙ፣ ተናነቁ፣ በግ በአፍንጫው ብቻ ቀድሞ ገባ!

ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለች። «ይኸው ተሸነፍሽ! ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣሽው ለዚህ ነው?»

አህያ እያለከለከች፣ በሳቅ እየፈነደቀች መለሰችላት፦ «አዎ፣ ለዚህ ነው! የቀደመኝ እኮ በግ ነው፤ አንቺ አይደለሽም!»

ከዚህ የምንማረው፣ ለበጎ ሥራ የተቋቋመ ማኅበር በአንድ ሰው ፈቃድ ወይም በኃያል ቸርነት ሳይሆን ወሳኙን ራሱን በሚገዛ ደንብ ሲመራ፣ የተሸነፈውም እንኳ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ እንደሚገባ ነው።