ትልቁን ኬክ በያት

እቴቴ አስካለ የውሻ ኬክ በላች። ያውም ጃፓን ድረስ ሄዳ፣ ያውም ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፋ፣ ያውም «ትልቁን» ብላ አዝዛ። ሰፈር ውስጥ ሰዉ ሁሉ የሚላት ያቺ «ትልቁን በያት» የምትል አባባል ከዚህ ነው የመጣችው፤ የሚስቁት ግን ኖላዊት ምን እንደደረሰባት ስለማያውቁ ነው።

እቴቴ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ትነግዳለች። ዕቃ ልትመርጥ ኦሳካ ስትሄድ የእህቷን ልጅ ኖላዊትን «እንግሊዝኛ ታስተረጉምልኛለች» ብላ ይዛት ሄደች። አብረዋቸው የዚያው የመለዋወጫ ተራ ሽማግሌ ጋሽ ይርዳው ነበሩ። አምስት ቀን ሙሉ ኖላዊት ያየችው ፍሬን ሸራና ራዲያተር ብቻ ነው። የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ነፃ ሆኑና ናምባ የሚባለው ሰፈር ወረዱ።

ናምባ ሌላ ዓለም ነው። ግድግዳ ላይ ቤት የሚያክል የማስታወቂያ ሸርጣን እግሩን ያወዛውዛል። በየበሩ ጎመን በሊጥ ለውሰው ብረት ላይ ሲያገላብጡት ሽታው መንገደኛ ያስቆማል። በመሃል ባለው ቦይ ላይ ቢጫ ጀልባ ትመላለሳለች። ኖላዊት የፈለገችው እሷን ብቻ ነው። የመጨረሻዋ አሥር ሰዓት ላይ ትነሳለች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ የኤርፖርት አውቶቡስ አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጀልባዋ ሲሄዱ እቴቴ ሱቅ ዞሮ የታጠፈ ሰልፍ አየች። ሮጣ ጫፉን ያዘች።

«እቴቴ፣ የምንድን ነው?»

«ልጅ ነሽ፣ አታውቂም። ስኳር መጣ ሲባል ማን ይጠይቅ ነበር? መጀመሪያ ትሰለፊያለሽ፣ ከዚያ ምን መጣ ትያለሽ።»

«ሴትዮዋን ልጠይቃት?»

«ተይ አልኩሽ። እንግዳ መሆናችንን ካወቁ ይቀድሙናል።»

ጋሽ ይርዳው «እኔስ ጉልበቴም አይችል» ብለው ማዶ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የጎመኑን ቂጣ ገዝተው እያላመጡ ሰልፉን ያያሉ።

ያካፋ ስለነበር የተሰለፈው ሁሉ ላስቲክ የለበሰ የሕፃን ጋሪ ይገፋል። እቴቴ ተደነቀች። «ምን ዓይነት ጨዋ ልጆች ናቸው። አንድ እንኳ አያለቅስም። አንቺ በዚህ ዕድሜሽ መንደር ታውኪ ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ።

«እቴቴ፣ ጀልባዋ።»

«ይህን ሁሉ ቆመንማ አንወጣም። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ጅል ነው?»

አሥር ሰዓት ላይ ከቦዩ ድልድይ ሥር የጀልባዋ ጥሩምባ ተሰማ። ኖላዊት ፊቷን አዞረች፤ እንባዋን አንድ ሰው እንኳ አላየላትም።

ተራቸው ደረሰ። ሻጯ ፈገግ ብላ መዳፏን መጀመሪያ ጉልበቷ ጋ፣ ቀጥሎ ወገቧ ጋ አደረገች። እቴቴ ወዲያው ገባት። «መጠኑን ነው። ትልቁን በያት።»

ላዩ ላይ አጥንት የመሰለ ብስኩት የተሰካበት ኬክ ነው። እቴቴ እዚያው ቆማ ግማሹን በላችው። «ስኳር የለው፣ ጨው የለው። ለዚህ እኮ ነው መቶ ዓመት የሚኖሩት። ነይ ላጉርስሽ።»

ኖላዊት አፏን ልትከፍት ስትል ከኋላቸው የነበረችው ሴትዮ የጋሪዋን ላስቲክ ገለጠች። ቀይ ሪባን ያሰረ ነጭ ቡችላ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ራሷ ከገዛችው ከዚያው ዓይነት ኬክ ቆርሳ አጎረሰችው። የእቴቴ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ።

አሁን ይቅርታ ትጠይቃለች አይደል? ዞር ብላ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «አስተርጓሚ ብዬ ያመጣሁሽ ለምኑ ነው? አፍ የለሽም?»

ይሄም ይሁን። አውቶቡሱ ውስጥ ለኖላዊት እናት ደወለች። «ልጅሽ እኮ ናት ሰልፍ ውስጥ የከተተችኝ። ጀልባ እንሂድ ብላት እምቢ አለች።» ኖላዊት አጠገቧ ተቀምጣለች፣ ጆሮዋ እየሰማ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ስልኩን ትነጥቃላችሁ ወይስ ታላቅ ናት ብላችሁ ትውጡታላችሁ? ኖላዊት ጥርሷን ነክሳ ወደ ጋሽ ይርዳው አየች፤ እሳቸውም ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብለው፣ እናትየው እንድትሰማ ወደ ስልኩ ጮክ ብለው፣ «ሳይጠይቅ የተሰለፈ፣ የውሻ ድርሻ አተረፈ» አሉ።