ለዘር የተቀመጠውን አትፍጩ

አንድ ሰው ነበር፤ ወፍጮ ቤት ነበረው።

የወፍጮ ቤት ሰው እንዴት እንደሚውል ታውቃላችሁ። ጠዋት በሩን ሲከፍት ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ይጠብቁታል፤ ማታ ሲዘጋ ቅንድቡ ሳይቀር ነጥቶ ይወጣል። ይህ ሰው ቢያድግልኝ ይባላል፤ ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። እርሱ ሞተሩንና ድንጋዩን ይጠብቃል። እርሷ ዱቄቱ ከሚወርድበት ሥር ቆማ በጣቶቿ መካከል አሽታ ታያለች። «ገና ነው፤ አልላመም፤ ድንጋዩን ጠበቅ አድርገው» ስትል ያጠብቃል። አስካለ በጣቷ ያሳለፈችው ዱቄት ወንፊት አያሻውም ይባል ነበር።

በዚያ ቤት የደቀቀ ነገር ሁሉ መልካም ነው። ያልደቀቀ ነገር ገና ሥራ የቀረው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሰውየው ታመመ። ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ወደ ጓሮ መመላለስ አበዛ፤ በተመላለሰም ቁጥር ደም ያያል። ያየውን ግን ለማንም አልተናገረም። እናንተስ ብትሆኑ ትናገሩ ነበርን? ራሳችንን ሲያመን ለመንገደኛው ሁሉ እናወራለን። አንጀታችን ሲታመም በር ዘግተን ብቻችንን እናቃስታለን።

አስፈጪው ተሰልፎ ሳለ ቢያድግልኝ ሞተሩን አጥፍቶ ይሮጣል። አንዱ ቀልደኛ፣ «ዛሬም ወፍጮው ተበላሸ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው፣ «ወፍጮውስ ደህና ነው፤ የተበላሸው ባለወፍጮው ነው» ይላል። ሰዎቹ ይስቃሉ። አስካለ ግን አትስቅም። የባሏን ልብስ የምታጥብ እርሷ ናትና ደሙን አይታለች።

በመጨረሻ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ዶክተር ሰላማዊት የምትባል ወጣት ሐኪም በመሣሪያ መርምራ እንዲህ አለችው፦ «አባቴ፣ ትልቁ አንጀትዎ ውስጡ ቆስሏል። ይህ በሽታ መጥቶ ወዲያው የሚሄድ አይደለም፤ በመድኃኒት ግን ይገታል።» እንክብልም ሰጠችው። «እንዳለ በውኃ ይዋጡት። እንዳያኝኩት፤ እንዳይሰብሩት።» እርሱም «እሺ» አለ።

ቤት ሲደርስ ግን እንክብሉ አልወርድ አለው። ውኃው ይወርዳል፤ እንክብሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ያስለዋል፤ ይተፋዋል።

አስካለ ሳቀችበት። «አንተ ሰው፣ የአገሩን እህል የሚውጥ ወፍጮ ይዘህ ባቄላ የምታህል ኪኒን አቃተችህ?»

እርሱ አልሳቀም። «ጉሮሮዬ ይዘጋባታል፤ ምን ላድርግ» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«እንግዲያው ለሐኪሟ እንንገራት።»

«ምን ብዬ? እንደ ሕፃን ልጅ መዋጥ አቃተኝ ብዬ? አልናገርም!»

አስካለ ተነሣች፤ የቅመም ሙቀጫዋን አመጣች። እንክብሉን ወቀጠችው። ደግማ ወቀጠችው። በጣቶቿ መካከል አሽታ እስክትረካ ድረስ አደቀቀችው። ከማር ጋር ለውሳ በማንኪያ አቀረበችለት። «በል እንካ፤ ኮሶስ ቢሆን ተፈጭቶ አይደል የሚጠጣው? የደቀቀ ነገር ቶሎ ይሠራል» አለችው። እርሱም ላሰው። ጣፈጠው።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ክፉ ነበረችን? አልነበረችም። ባሏን ትወድ ነበር። የሚወዱን ሰዎች የሚሰጡን ነገር ሁሉ ግን የሚያድነን አይደለም።

ቢያድግልኝ በቀጠሮው ሐኪም ቤት ይሄዳል። ሐኪሟ ትጠይቀዋለች፦ «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» እርሱ ይመልሳል፦ «አዎን።» «አያቋርጡም?» «አንድም ቀን!» እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን አላቋረጠም። ሕመሙ ግን አልተሻለውም። ሐኪሟ መጠኑን ጨመረችለት፤ አስካለ የምትወቅጠው በዛ። ደሙ አልቆመም። ሰውየው እየከሳ ሄደ። ወፍጮ ቤቱ የሚዘጋበት ቀን ከሚከፈትበት ቀን በለጠ።

ከዚያም አንድ ቀን ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ ተናገረቻቸው። «አባቴ፣ በሽታው ለዚህ መድኃኒት እንቢ ብሏል። ከዚህ የሚጠነክር አለ፤ እርሱ ግን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። እርሱም ካልያዘው ትልቁን አንጀት ቆርጠን ማውጣታችን ነው።»

ቢያድግልኝ ወለሉን አየ። «ከዚያ በኋላስ ወፍጮዬ ሥር መቆም እችላለሁ?»

«ምናልባት በሆድዎ ላይ ከረጢት ይዘው ይኖራሉ። ብዙ ሰው እንዲያ ሆኖ ይኖራል፤ ይሠራልም። ቀላል ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

በዚህ ጊዜ አስካለ አለቀሰች። «የኔ ልጅ፣ እኛ ምን አጎደልን? በገዛ እጄ አይደል የማጎርሰው! አድቅቄ፣ በማር ለውሼ! ከማንኪያው ላይ እንኳ አይቀርም እኮ!»

ሐኪሟ የያዘችውን ብዕር አስቀመጠች። «ምን አሉኝ እናቴ?»

«አድቅቄ ነዋ። እንደ ሽሮ።»

ያች ሐኪም ልትቆጣ ትችል ነበር፤ አልተቆጣችም። አንድ እንክብል አውጥታ በመዳፏ ላይ አኖረችው። «ይህ የላይ ልባሱ ይታያችኋል? ለጌጥ የተቀባ አይደለም። ቁስሉ ያለው ታች ነው። መድኃኒቱ ጨጓራ ውስጥ ሳይፈታ እንዲያልፍ ልባሱ ይሸፍነዋል። ታች ሲደርስ ልባሱ ይፈታል፤ መድኃኒቱም ቁስሉን ያገኘዋል። ተወቅጦ ሲገባ ግን ገና ከላይ ይፈታል፤ አብዛኛው በመንገድ ይቀራል፤ ለቁስሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው።»

ቢያድግልኝ እንክብሉን ከመዳፏ አንሥቶ አገላብጦ አየው። ከዚያም ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አስካለ፣ ለዘር የተቀመጠ እህል ፈጭተን እናውቃለን?»

«ዘር ደግሞ ማን ይፈጫል?» አለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኛ ፈጨነው» አላት።

«እኔ ነኝ እንጂ የፈጨሁት!»

«የለም። እኔ አፌን ከፍቼ አልወርድ አለኝ ብል ኖሮ አንቺ ሙቀጫ አታነሺም ነበር።»

ሐኪሟም፣ «ለምን አልነገሩኝም አባቴ? ይህ የሚያጋጥመው እርስዎን ብቻ አይደለም። በሌላ መልክ የተዘጋጀ መድኃኒት አለ፤ እርሱ ባይገኝ እንኳ አዋዋጡን እናሳያለን» አለችው። ቀና ብሎ እንዲቀመጥ አደረገችው። አስቀድሞ ጉሮሮውን በውኃ እንዲያርስ፣ አንገቱን ወደ ኋላ እንዳይጥል ነገረችው። የመጀመሪያውን ተፋው። ሁለተኛው ወረደ። አስካለ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ሐኪም ቤት መሆኗን አስታውሳ መልሳ ዘጋችው።

«እንግዲህ የቢላውን ነገር እናቆየው» አለች ሐኪሟ። «መጀመሪያ መድኃኒቱ በመንገዱ ሄዶ እንየው። ከባሰብዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።»

ደሙ በአንድ ቀን አልቆመም፤ እንዲያ ብዬ አላታልላችሁም። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ቢያድግልኝ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ደኅና በሆነ ጊዜም፣ «አሁንስ ልተወው፤ ድኛለሁ» ብሎ ነበር። አስካለ፣ «ቡቃያው ስላማረ አረሙን ትተዋለህ? ያዘዘችህ ሐኪም ተው ሳትልህ አትተውም!» አለችው። አልተወም። ዛሬም እንዳለ ይውጠዋል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ከመካከላችሁ መድኃኒት የሚወስድ አለ። በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ፣ በኪሱ ይዞ እዚህ የተቀመጠ አለ። ለእርሱ አስቀድሜ ግልጹን ነገር እናገራለሁ። መድኃኒት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተሰብሮ የሚወሰድ አለ፤ ቢሰበር የማይረባ፣ ቢሰበር የሚጎዳም አለ። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በግምት አታውቁትም፤ ጎረቤታችሁም አያውቀውም። የሰጣችሁን ሐኪም ጠይቁ። መዋጥ ካቃታችሁ፣ አቃተኝ በሉ። ከተሻላችሁም፣ ልተወው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ምን ውርደት አለ? ደም እያፈሰሱ ዝም ማለት ይሻላልን?

ይህን ከሰማችሁ፣ ዓይን የማያየውን ቁስል ደግሞ ልናገር።

ቂም የያዘ አለ። ወንድሙን ያስቀየመ አለ። ለዚህ ቁስል መድኃኒት ተሰጥቶናል፤ ይቅር በሉ፣ ይቅርታም ለምኑ ተብለናል። እንዳለ ሲቀርብልን ግን ጉሮሯችን ይዘጋል። ምን እናደርጋለን? እናደቅቀዋለን። «ይቅር ብየዋለሁ፤ ደጁን ግን አልረግጥም» እንላለን። «አጥፍቻለሁ፤ እርሱ ግን አስቀድሞ ነክቶኝ ነው» እንላለን። በማር እንለውሰዋለን። ምላሳችን ላይ ይጣፍጣል፤ ስብከቱ ዛሬ ግሩም ነበር እያልን እንሄዳለን። ቁስሉ ያለው ግን ምላስ ላይ ነውን?

ይቅር ብለሃል ወይ ሲሉን፣ አዎን እንላለን። ትጸልያለህ ወይ ሲሉን፣ አንድም ቀን አላቋረጥሁም እንላለን። ቢያድግልኝም እንዲሁ ብሎ ነበር። እውነቱን ነበር። እየሞተም ነበር።

ስለዚህ ሲጠይቋችሁ በአዎን ብቻ አትለፉ። እንዴት እንደምትወስዱት ተናገሩ። የከበዳችሁን፣ አልወርድ ያላችሁን ተናገሩ። ያች ሐኪም ያላወቀችውን ልታክም አልቻለችም፤ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ቢሆንም ከአፋችን ሊሰማው ይወዳል።

እነሆ፣ እነዚያ ባልና ሚስት ዛሬም ይፈጫሉ። ሰው እህሉን ሲያመጣ አስካለ ጆንያውን ሳትፈታ፣ «ለእንጀራ ነው ወይስ ለዘር ነበር?» ትላለች። ሰዎቹ ይስቁባታል። «አንቺ ሴት፣ ዘር ወደ ወፍጮ የሚያመጣ ማን አለ?» ይሏታል።

እርሷ ግን አትመልስላቸውም። እናንተ መልሱላት። ከዚህ ስትወጡ በእጃችሁ የያዛችሁትን ዘርግታችሁ እዩት፤ ለዘር የተሰጣችሁ ከሆነ ሙቀጫውን አስቀምጡ።