ሐጂ አራጋው ቀድመው የላኩት ሳንቃ

የመስጊዱ ሚናራ ገና ከዋርካው ቁመት ባልበለጠባት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ አራጋው የሚባሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ ደረታቸውም ሲታመም፣ ከፈናቸውን ገዝተው አስቀመጡ። አባታቸው ከተከሉት ዋንዛ ሰፊ ሳንቃ አስጠርበውም ለቀብራቸው መክደኛ፣ አፈሩ ገላቸው ላይ እንዳይወርድ፣ ቆጥ ላይ አኖሩት። በዚያ አገር እንጨት ብርቅ ስለነበር አቅም ያለው ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ መምህርት ተዋበች ደጃቸው ቆመች።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ሐጂ፣ ጥቁር ሰሌዳችንን ምስጥ በልቶ ጣለው። በከሰል ግድግዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ከኋላ ለተቀመጡት አይታያቸውም። ‹ምን ልናይ እንመጣለን?› እያሉ መቅረት ጀመሩ። ስባሪ ጣውላ ቢኖርዎት ብዬ ነው።»

ሐጂ ቀና ብለው ቆጡን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን ሙሔን «አውርደው» አሉት።

ሙሔ ደነገጠ። «አባባ፣ የቀብርዎን? ሐኪሙ ብዙ አይቆዩም ያለውን ረሱት? አፈሩ ፊትዎ ላይ ይውረድ?»

«የቀብር ጠያቂዎቹ መላእክት ሙንከርና ነኪር ሳንቃ አንኳኩተው የሚገቡ መሰለህ?»

«ሰውስ ምን ይለኛል!»

«ሰው ቢያማህ ወንጀልህ ይራገፍልሃል። አውርደው።»

ተዋበች የምን ሳንቃ እንደሆነ ሲገባት አፈገፈገች። «ሐጂ፣ ይህንንስ አልወስድም።»

«ልጄ፣ እኔ ገና እየተነፈስኩ ነው። ልጆቹ ግን ዛሬ እየቀሩ ነው።»

አናጢው ሳንቃውን ገጠመው፤ ተማሪዎቹ የባትሪ ከሰል ወቅጠው አጠቆሩት። ወሬው ሲሰማ ባለሱቁ ጠመኔ ላከ፣ ልብስ ሰፊው የማጥፊያ ጨርቅ ሰፋ፣ ሌላውም ደብተር ይዞ መጣ። የቀሩት ልጆች ተመለሱ።

ሐጂ ሙሔን ተደግፈው ሊያዩ ሄዱ። ከመጨረሻው አግዳሚ አንዲት ልጅ ተነስታ «ዝናብ ዘነበ» ብላ ከሰሌዳው አነበበች። ሐጂ እንባቸው ጺማቸውን አራሰው።

«አባባ፣ በመስጠትዎ አይቆጭዎትም?» አለ ሙሔ ቀስ ብሎ።

«አልሰጠሁትም፣ ልጄ። ወደምሄድበት ቀድሜ ላክሁት።»

ብዙም ሳይቆዩ ወደ አኺራ ሄዱ። ሙሔ ቀብሩን በምን እንደሚከድን ተጨንቆ ቆሞ ሳለ ተማሪዎቹ ከወንዙ ብቅ አሉ። ከመምህርታቸው ጋር ጠፍጣፋ ድንጋይ በጭንቅላታቸው ተሸክመዋል። ማንም አምጡ አላላቸውም፤ ድንጋዩም ቀብሩን ለመክደን አንድ አልጎደለም።

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ሐጂ በአኺራ ምን እንዳገኙ ለመናገር አልደፍርም፤ የሩቁን ምስጢር የሚያውቀው አላህ ነው። ነገር ግን የላኩት ሳንቃ ቀብራቸው ሳይዘጋ ድንጋይ ሆኖ በእነዚያ ትንንሽ እጆች ተመልሶ መምጣቱን ሳስብ ሰውነቴን ይወረኛል። ሱብሃነላህ! እኛም ለክፉ ቀን ብለን ያኖርነው አለን፤ እዚህ ቅርባችን ደግሞ ጠመኔ ያለቀበት መምህር ልጆቹ ፊት ባዶ እጁን ቆሟል። የእኛ ሳንቃ ግን አሁንም ቆጥ ላይ ምስጥ እየጠበቀ ነው።